መልሱ መንገድ ላይ ነው

ልጆቼ፥ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ እዚህ አገር ለተወለዳችሁትና በእናት ጀርባ ታዝላችሁ ለመጣችሁት። አማርኛ ማንበብ የሚከብደው ካለ፥ እናቱ ወይም አክስቱ ታንብብለት። ስለ ሱዳን መንገድ፥ ስለ ሲግድ፥ ጥለነው ስለመጣነው አገር ሌሎች ሽማግሎች ጽፈውላችኋል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ስለ ፍጥነት ነው፤ ሰው ሲጠየቅ ቶሎ ስለ መመለስና ዘግይቶ ስለ መመለስ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በዚህች ትንሽ ነገር የአንድ ልጅ ዕድል ሊወሰን ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጁ የልጅ ልጄ ነው፤ አውቲስት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ የራሱ ነው፥ ሲያድግ ከፈለገ እሱ ይናገረው። እኔ "ጎበዜ" እያልኩ ነው የምጠራው፤ እዚህም ጎበዜ ልበለው። ዘንድሮ 12 ዓመቱ ነው። ከእናት ከአባቱ ጋር አሽከሎን ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ ይኖራል፤ እኔና አያቱም እዚያው ደረጃ ላይ፥ በር ለበር ነን።

እኔ ትምህርቴ የመንደር ነው። ወገራ ውስጥ ከቄሱ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ፤ ኦሪትና ዳዊት በግዕዝ ተማርኩ። በ1984 በሱዳን በኩል እዚህ ስገባ የልጆች አባት ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ስለ ሰው አእምሮ የማውቀውን ያገኘሁት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጎበዜን ከማየት ነው። ሌላው ታላቂቱ የልጅ ልጄ፥ ሳይኮሎጂ የተማረችው፥ ወረቀቷን ይዛ እየመጣች ከዕብራይስጡ ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታስረዳኝ ነው። ብዙ የሰንበት ከሰዓት በዚህ አልፏል። እሷ ታነባለች፥ እኔ እጠይቃለሁ፥ አያቷ ዳቦ ትቆርሳለች።

በእኛ አገር ቶሎ የሚመልስ ሰው አዋቂ አይባልም ነበር። ሽማግሎች ለነገር ሲቀመጡ፥ የተጠየቀው ሰው ጋቢውን ይሰበስባል፥ መሬት መሬት ያያል፥ ከዚያ ነው የሚናገረው። ያ ዝምታ ክብር ነበር፤ ማንም አይገባበትም። ፈጥኖ የመለሰውን "ነገር ሳያኝክ የሚውጥ" ይሉታል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች"፥ "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" ሲባል ነው ያደግነው። መምህሬ ቄሱም እንዲያ ነበሩ። ጥያቄ ጠይቀው ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ መልሱ እስኪመጣ አይከፍቱም። ከተማሪዎቹ አንዱ በጣም ዘግይቶ ይመልስ ነበር፤ ዓይናቸውን ለእሱም እኩል ይከድኑለት ነበር።

እዚህ አገር ስንገባ ግን መጀመሪያ የሰማናት ቃል "ኑ?" ናት። በባንክ "ኑ?"፥ በኩፓት ሆሊም "ኑ?"፥ በአውቶቡስ በር "ኑ፥ ያላ!" ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም፤ እናንተም ትሉናላችሁ። አገሩ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱም ጠቅሞታል፥ አልነቅፍም። ነገር ግን ፈጣን አገር ውስጥ ዘግይቶ የሚመልስ ልጅ ሲወለድ ምን እንደሚደርስበት ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ጎበዜ ሦስት ዓመት ሲሞላው "ሂትፓትኹት ሀዬሌድ" በምትሉት ቦታ መርምረው አውቲዝም ነው አሉ። ዘመድ መጣ፤ እያንዳንዱም የየራሱን ተናገረ። አንዱ "ዓይን ነው" አለ፥ ሌላው "ዛር ነው" አለ፥ ሦስተኛዋ "ለሰው አትንገሩ፥ ነገ እህቶቹን ማን ያገባቸዋል" አለች። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት። በአገራችን ጎረቤቶቻችን እኛን ራሳችንን "ቡዳ" ይሉን ነበር፤ ብረት ስለቀጠቀጥን፥ ሸክላ ስለሠራን። በሐሰት ስም የተለጠፈበት ሕዝብ በገዛ ልጁ ላይ ስም አይለጥፍም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ያ ወሬ ቀረ።

ከዚያ ነው መቁጠር የጀመርኩት። ጎበዜን "ሻይ ትፈልጋለህ ወይስ ወተት?" ትሉታላችሁ። ዝም ይላል፤ ግድግዳውን ያያል። ሰው ሁሉ "አልሰማም" ይላል። እኔ በልቤ በግዕዝ እቆጥራለሁ፦ አሐዱ፥ ክልኤቱ፥ ሠለስቱ… ዐሠርቱ ላይ ስደርስ፥ አንዳንዴም ዐሠርቱ ወክልኤቱ ላይ፥ "ወተት" ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ወተት ነው የሚወደው። በመካከል እናቱ "ምን ትጠጣለህ ነው'ኮ የምልህ" ብላ በሌላ ቃል ከደገመችው ግን ቁጥሩ ከአሐዱ ይጀምራል። ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዝ የወረደን ሰው ከመንገድ ጠርቶ እንደ መመለስ ነው። ተመልሶ ይመጣል፥ የፈለግኸውን ይሰማል፥ እንደገና ይወርዳል። አንተ ደግሞ ላይ ቆመህ "ምነው ዘገየ" ትላለህ።

ነገር ግን ያው ልጅ በሌላ ቦታ ማንም አይቀድመውም። አያቱ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ይቀመጣል፤ ጠጠሯን እሷ ከማየቷ በፊት እሱ አንስቷታል። አውቶቡሱ ከመንገዱ ማጠፊያ ብቅ ሲል ቁጥሩን ይናገራል። ታዲያ ይህ ልጅ ፈጣን ነው ወይስ ዘገምተኛ? ይህ ጥያቄ ነው ለዓመታት ሲያመላልሰኝ የኖረው። መልሱንም መጀመሪያ ያየሁት ሰላም በሌለበት ቀን ነው።

በሜይ 2021 በአሽከሎን ላይ ሮኬት የዘነበበትን ሳምንት ታስታውሳላችሁ። በእኛ ከተማ ሲሬና ከጮኸ ሚክላት ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። በቤታችን ማማድ የለም፤ ሚክላቱ ከሕንጻው ሥር ነው። የመጀመሪያው ሲሬና ሲነሳ ጎበዜ ከሁላችን በፊት ሰማ፤ እኛ ገና ቀና ስንል እሱ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆመ። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጮኻል፦ "ሩጥ!" "ጫማህን ተው!" "በዚህ በኩል!" "እጄን ያዝ!" "ያላ፥ ማሄር!" ልጁ እንደ ግንድ ደረቀ። በመጨረሻ አባቱ ተሸክሞት ወረደ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፥ ከባድ ነው፤ ደረጃው መካከል ሳለን ፍንዳታውን ሰማን።

በዚያች ሌሊት ምራቴ፥ የጎበዜ እናት፥ ቁጭ ብላ አሰበች። ጥበቡ የእሷ ነው፥ የእኔ አይደለም። አንደኛ፥ ሲሬና ሲጮኽ የምትናገረው እሷ ብቻ እንድትሆን ወሰነች፤ ሌላው አፉን ይዝጋ። ሁለተኛ፥ የምትናገረው ሁልጊዜ ያንኑ ሦስት ቃል ነው፦ "እጅ፥ ደረጃ፥ በር።" ሦስተኛ፥ ሦስቱን ነገር በሥዕል ሠርታ በሩ ላይ ለጠፈች። አራተኛ፥ ለድምፁ የጆሮ መሸፈኛ በበሩ እጀታ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ዝምታ ሲሆን፥ ሲሬና በሌለበት ሰዓት፥ በቀን ሦስት ጊዜ አለማመደችው፤ እኛ ዳዊት እንደተማርነው፥ አፍና እግር እስኪለምደው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲሬና ሲጮኽ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ሚክላት የገባው ጎበዜ ነበር። እኔ ሽማግሌው ነበርኩ የመጨረሻው።

አስቡት። ጆሮው ዘገምተኛ አልነበረም፤ ቀድሞ ሰምቷል። እግሩም ዘገምተኛ አልነበረም፤ ቀድሞ ገብቷል። የዘገየው በመካከል ያለው ሥራ ነው፤ ከብዙ ጩኸትና ከብዙ ትእዛዝ አንዱን መርጦ "ይህን ላድርግ" ማለት። መምረጡን አስቀድመን ስንሠራለት መዘግየቱ ጠፋ።

ይህን ለታላቂቱ የልጅ ልጄ ስነግራት ሳቀች። "አባባ፥ ይህን'ኮ አንድ የሆላንድ ሐኪም በ1868 ጽፎታል" አለችኝ። ዶንደርስ ይባላል። ይህ ሰው መጀመሪያ ሰዎችን አንድ ምልክት ብቻ ሰጥቶ "ሲመጣ ወዲያው መልሱ" አላቸው። ቀጥሎ ብዙ ምልክት ሰጥቶ "ለየምልክቱ የየራሱን መልስ ስጡ" አላቸው። ሁለተኛው ይረዝማል። ከሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያውን ሲቀንስ፥ የቀረው የመለየትና የመምረጥ ጊዜ ነው አለ። ሰው ብርሃን አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃዋል። መምረጥ ሲጨመርበት ይረዝማል፤ ምርጫው ሲበዛ የበለጠ ይረዝማል። ይህ በሰው ሁሉ ነው፤ በእኔም በእናንተም።

እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የተረዳሁት። በአገራችን ወደ ሩቅ መንደር ደብዳቤ ስትልክ መልሱ ቢዘገይ ምክንያቱ ብዙ ነው። መልእክተኛው ሲሄድ ዘግይቶ ይሆናል። ደብዳቤው ቶሎ ደርሶ የሚያነብ ሰው ታጥቶ ይሆናል። ተነቦ ቤተሰቡ እየተማከረ ይሆናል። መልሱ ተጽፎ ወንዝ ሞልቶ መልእክተኛው ማዶ ቆሞ ይሆናል። አንተ ደጅህ ላይ ሆነህ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልስ አልመጣም። ከዚህ ተነሥተህ "እዚያ ቤት ሰው የለም" ብትል ትልቅ ስሕተት ነው። ፍጥነት የሚባል አንድ ነገር የለም ልጆቼ፤ መንገዱ ብዙ ክፍል አለው።

ሌላም ታሪክ ነገረችኝ። በ1796 በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ከዋክብት የሚቆጥሩበት ቤት ነበር። የቤቱ አለቃ ማስክሊን ረዳቱን ኪንብሩክን ከሥራ አባረረው፤ ኮከብ ሲያልፍ የሚጽፈው ሰዓት ከአለቃው ጽሕፈት በአንድ ሰከንድ ስምንት አሥረኛ ያህል ዘግይቶ ስለተገኘ። እንግዲህ ከአንድ ሰከንድ ባነሰች ነገር እንጀራውን አጣ። ከዓመታት በኋላ ቤሰል የሚባል የጀርመን አገር የከዋክብት ሊቅ ነገሩን መረመረ። በሁለት ጥሩ ተመልካቾች መካከልም እንዲህ ያለ ልዩነት እንዳለ፥ ሰው ሁሉ የየራሱ ጊዜ እንዳለው አገኘ። ኪንብሩክ ግን ያን ጊዜ ሞቷል። ይህን ስሰማ ጎበዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ በልጁ ጊዜ ላይ እውነቱ ዘግይቶ እንዳይደርስ ፈራሁ።

የፈራሁት በከንቱ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎበዜን ዌክስለር በሚባለው ፈተና ፈተኑት። ፈተናው ብዙ ክፍል አለው፤ በቃል የሚጠይቅ፥ በምስል የሚያሳስብ፥ በቃል የሚያስይዝ። አንዱ ክፍል ፍጥነት ነው። ወረቀት ይሰጡታል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ምልክት አለው፤ በእርሳስ ምልክቱን በቁጥሩ ሥር መጻፍ ነው፤ ጊዜው 2 ደቂቃ። ጎበዜ አንድም አልተሳሳተም። ግን እያንዳንዱን ምልክት አስተካክሎ፥ መስመሩን ከመስመር አጋጥሞ ነው የጻፈው፤ ስለዚህ ጥቂት ብቻ ሞላ። በመንደራችን ብራና ላይ ኦሪት የሚጽፍ ሰው አውቅ ነበር፤ ያንን ሰው በ2 ደቂቃ ስንት ፊደል ጻፍህ ብሎ የጠየቀው የለም። እዚህ ግን የፍጥነቱ ውጤት ከሌላው ጋር ይደመርና አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ያ አንድ ቁጥር ልጁን ይሸከመዋል ወይም ይጥለዋል። በቃል የሚጠየቀውም ቢሆን ጠያቂዋ ጥቂት ጠብቃ "እሺ፥ እንለፍ" ስትል ነው ያለቀው። ወረቀቱ ላይ የመጣው ቁጥር ዝቅተኛ ነበር። ቫዓዳው አእምሯቸው ለማይከተል ልጆች ወደተዘጋጀ ክፍል እንዲሄድ አሰበ። የትኛው ቫዓዳ እንደሆነ አልናገርም፤ የተቀመጡትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የያዙት ወረቀት እንዲያ ስላለ ነው።

ልጄ፥ የጎበዜ አባት፥ ሊፈርም ነበር። "አባ፥ እነሱ የተማሩ ናቸው፥ እኛ ምን እናውቃለን" አለኝ። ደክሞታል፤ ሌሊት ይሠራል፤ ከቢሮ ጋር መከራከር አይወድም። ታላቂቱ የልጅ ልጄ ግን ወረቀቶቿን ይዛ መጣች፤ ሁለት ነገር አነበበችልን።

አንደኛው በ2000 የታተመ ነው፤ ኡታ ፍሪት የምትባል የታወቀች ሊቅ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችው። ልጆች በጣም ለአጭር ጊዜ ብልጭ የሚል ምስል ያያሉ፤ ከዚያ ያዩትን ይናገራሉ። ለመናገሩ ችኮላ የለም፤ የሚለካው ዓይንና አእምሮ ምን ያህል ቶሎ እንደሚይዙ ብቻ ነው። በተለመደው ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት የነበራቸው አውቲስት ልጆች በዚህ መለኪያ ከፍ ያለ ውጤት ካላቸው ሌሎች ልጆች ያላነሰ ፈጣን ሆነው ተገኙ። ሁለተኛው በ2007 በካናዳ፥ በሞንትሪያል የተሠራ ነው። ከሠሩት አንዷ ሚሼል ዶውሰን ራሷ አውቲስት ናት፥ ቀድሞ የፖስታ አዳይ ነበረች። አውቲስት ልጆችን በዌክስለር ፈተኑ፤ ደግሞ ሬቨን በሚባል ቃል በሌለው፥ ምስል ብቻ በሆነ ፈተና ፈተኑ። መቶ ልጅ በተርታ ቢቆም፥ በሬቨን ፈተና የነዚያ ልጆች ቦታ በአማካይ 30 ደረጃ ወደ ፊት መጣ። ያው ልጅ፥ ያው አእምሮ፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

ይህ ማለት አውቲስት ሁሉ ፈጣን ነው ማለት አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዱ ልጅ እንደ ሌላው አይደለም፥ አንዱም ልጅ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። በዌክስለሩ የፍጥነት ክፍል ዝቅ የሚሉ አውቲስት ልጆች ብዙ ናቸው፤ በከፊል እርሳሱና እጁ ነው፥ በከፊል ከአንድ ነገር ወደ ሌላው መዞሩ ነው። ጎበዜም መንገድ ብቻውን እንዲሻገር እስከ ዛሬ አንፈቅድለትም። መኪናውን ያየዋል፤ ግን መኪናው፥ መብራቱ፥ የሰዎቹ መንቀሳቀስ አንድ ላይ ሲመጡበት መወሰን ይዘገያል፥ መኪና ደግሞ አይጠብቅም። መዘግየቱ በእውነት አለ። ሐሰቱ "ዘገየ፥ ስለዚህ አያውቅም" የሚለው ነው።

ወደ ቫዓዳው እኔም ሄድኩ። ልጁም እንዲገባ ጠየቅን። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፥ የልጅ ልጄ አስተረጎመች። "ብዙ አልናገርም" አልኳቸው። "አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ አንድ ብቻ። ከዚያ እኔ እጄን እስካነሣ ማንም እንዳይናገር እለምናለሁ።" ተያዩ። ሳይኮሎጂስቷ ፈቀደች፤ "ጀልባና አውሮፕላን በምን ይመሳሰላሉ?" ብላ ጠየቀችው። ጎበዜ መስኮቱን አየ። አሐዱ፥ ክልኤቱ… አንዱ ወረቀት ገለበጠ፥ አንዱ ሰዓቱን አየ። ዐሠርቱ ላይ ልጄ ላብ አላበው። ዐሠርቱ ወአርባዕቱ ላይ ጎበዜ መስኮቱን እያየ "ሁለቱም መንገድ ሳይሠራላቸው ይሄዳሉ" አለ።

እጄን አነሣሁ። ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ሳይኮሎጂስቷ ብዕሯን አንሥታ ጻፈች። ከዚያ እሷው ራሷ ቃል በሌለውና ሰዓት በማይያዝበት ፈተና እንደገና እንዲፈተን ጠየቀች። ወራት ፈጀ። ውጤቱ ሲመጣ በተለመደ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለች ኪታት ቲክሾሬት ተመደበ፤ ለሒሳብና ለተፈጥሮ ትምህርት ከሳያዓት ጋር ወደ ትልቁ ክፍል ይገባል፥ በፈተናም ተጨማሪ ጊዜ አለው። ተአምር አልሆነም። በግቢው ኳስ ሲጫወቱ አሁንም ወደ ጎን ነው የሚቆመው፤ ጓደኛ ያለው አንድ ነው። ነገር ግን የሚማረው የሚችለውን ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እኛ ወላጆቻችሁ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው የሚገባን ሰዎች ነን። እኔ በኩፓት ሆሊም ነርሷ በዕብራይስጥ "የት ነው የሚያምህ?" ስትለኝ ሰምቻታለሁ፤ ገብቶኛልም። ቃሉን በአማርኛ አገኘዋለሁ፥ ወደ ዕብራይስጥ አዞረዋለሁ፥ አፌ ላይ አደርሰዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን እሷ ፊቷን ወደ ልጄ አዙራ "አባትህ ምን ሆኖ ነው?" እያለችው ነው። ባዶ አልነበርኩም፤ መልሴ መንገድ ላይ ነበር። ስንት ልጆቻችን ባልለመዱት ቋንቋ፥ ባላዩት ወረቀት፥ በሰዓት ተፈትነው ወደ ልዩ ትምህርት እንደተላኩ ከታላላቆቻችሁ ጠይቁ። የእኔና የጎበዜ ነገር አንድ ነው አልልም። የእኔ ቋንቋ ነበር፥ በዓመታት ብዛት ተሻሻለ፤ የእሱ አፈጣጠሩ ነው፥ አብሮት ይኖራል። ነገር ግን ሰው ሳይጠብቅህ ፊቱን ሲያዞር ልብ ላይ የሚወድቀው ነገር አንድ ነው።

መምህራችን ሙሴም አፉ ከባድ ነበር። ፈጣሪ ሙሴን ትቶ ሌላ አፈ ቀላጤ አልፈለገም፤ አሮንን አጠገቡ አቆመለት እንጂ። ሳያዓት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ፥ በወንድማችሁ ቤት፥ በምታስተምሩበት ክፍል እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፥ ከጎበዜ የተማርኩትን ውሰዱ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ጠይቁ። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ በሌላ ቃል አትድገሙት፥ የግድ ከደገማችሁ ያንኑ ቃል ድገሙ። ዓረፍተ ነገሩን እናንተ አትጨርሱለት። የሚመረጠው ነገር ብዙ ከሆነ አሳንሱት፤ የሚቻለውን በሥዕል ወይም በጽሑፍ አሳዩት፥ ጽሑፍ እንደ ቃል በኖ አይጠፋም። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ሰላም ሳለ አለማምዱት፤ ሲሬና በሚጮኽበት ሰዓት ማንም አይማርም። የፈተና ወረቀት ሲያመጡላችሁ አንዱን ትልቅ ቁጥር ብቻ አትዩ፤ በየክፍሉ ስንት እንዳመጣ ጠይቁ፥ የትኛው በሰዓት እንደተፈተነ ጠይቁ፥ ቃል የሌለው ፈተና ተሰጥቶት እንደሆነ ጠይቁ። ዕብራይስጡን እናንተ ትችላላችሁ፤ እኛ ያልቻልነው ይህን ነው። ወላጆች ብቻቸውን ወደ ቫዓዳ እንዳይገቡ፤ ከእናንተ አንዱ አብሯቸው ይግባ።

ደግሞም አትደብቋቸው። በዚህ አገር የአውቲስት ልጆች ወላጆች በ1974 ተሰብስበው አሉት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የልጆቻቸውን ስም ደብቀው ቢሆን ኖሮ ማኅበር አይቋቋምም ነበር። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ "ሮኢም ራሖክ" የሚባል መንገድ አለ፤ ሩቅ የሚያዩ ማለት ነው። አውቲስት ወጣቶች ከአየር የተነሡ ፎቶዎችን እየመረመሩ ሌላው ዓይን ያለፈውን ትንሽ ለውጥ ይፈልጋሉ። ያቺን የምስር ውስጥ ጠጠር ማለት ነው። ጎበዜ እዚያ ይግባ አይግባ አላውቅም፥ ገና ነው፤ እህል ለቃሚ የሆነ ዓይን ግን በዚህ ዓለም ሥራ እንደማያጣ አውቄያለሁ።

እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ አሁን እኔም ስጠየቅ ቁጥሩ እየረዘመ ነው። እናንተ ስትጠብቁኝ ደስ ይለኛል፤ ለእኔ የምትጠብቁትን ለልጆቹም ጠብቁላቸው። በግዕዝ መቁጠር ካልቻላችሁ በዕብራይስጥ ቁጠሩ። ብቻ ቢያንስ ዐሥር ሳትደርሱ በማንም ላይ አትፍረዱ።